የዘገየችው «ሆ»

አንዳንዱን አዛብቼ አስታውሼ ይሆናል፤ በልጅነቴ ከአንጎሌ ዕጢ የወጣልኝ ሰው ነኝና ትዝታዬን ያለ ምስክር አላምነውም። የጅራፍ ጩኸት በሰማሁ ቁጥር ግን ያደግሁባት ሞላሌ፣ የነሐሴው ጉምና ያ ፍርሃት አብረው ይመለሳሉ።

ከአዲስ አበባ ሆስፒታል የተመለስኩት ክረምቱ ሲገባ ነበር። ሐኪሟ «ከልጆች አታርቁት፤ ጨዋታም መድኃኒቱ ነው» ብለው ነበር፤ እናቴ ግን ራሴን ባመመኝ ቁጥር ዕጢው ተመለሰ ብላ እየሰጋች፣ ድንጋይ ያገኘዋል እያለች ከደጅ ትመልሰኝ ነበር። እኔም ልጆች ሲስቁ በእኔ ይሁን ከእኔ ጋር መለየት ተስኖኝ፣ ሰው ሲመጣ እሸሸግ ነበር።

ታላቅ እህቴ እትዬ ስንዱ ብቻ አልፈራችም። ዝናብ በያዘን ቀን ፊት ለፊቴ ተቀምጣ «ሆያ ሆዬ» እያለች፣ አገጯ ዝቅ ሲል «ሆ» ብዬ እንድቀበል ታለማምደኝ ነበር። ቃሉ አልጠፋኝም፤ የሚጠፋኝ ተራዬ ነበር።

የቡሄ ዕለት በጅራፉ ጩኸት እየተሸማቀቅሁ፣ እጇን ይዤ ወጣሁ። በመጀመሪያው ደጅ የጭፈራው አውጪ ጌትነት አወጣ፣ ልጆቹም ተቀበሉ፤ ሁሉም ዝም ካለ በኋላ የእኔ «ሆ» ብቻዋን ወጣች።

«የገደል ማሚቶ ይዘን መጣን እንዴ?» አለ አንዱ፤ ሳቁ ፈነዳ።

ከእንግዲህ አይጠሩኝም ብዬ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። ጌትነት ዱላውን ሲያነሳ፣ ሊመታኝ መስሎኝ ራሴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ።

«አንተ ማሚቶ፣ ና አጠገቤ ቁም! እናንተም እሱ ሳይተነፍስ እንዳትቀበሉ» አለ።

በሚቀጥለው ደጅ አውጥቶ ዱላውን መሬት ላይ መታ፤ ጠበቁኝ፤ አብረን «ሆ» አልን።

«ምነው ልጆቼ፣ ዘንድሮ ደከማችሁሳ?» አሉ ሙልሙል ይዘው የወጡት እናት።

«የለም እማማ፣ ዘንድሮ አሳምረነው ነው!» አለ ጌትነት።

ዛሬም የምርመራ ቀጠሮዬ ሲደርስ ያው ፍርሃት ይይዘኛል፤ ያኔ ግን ሁሉም ትቶኝ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር፣ አሁን እንደዚያ አይመስለኝም። የጌትነት ዱላ ሕመሜ የፈጠረልኝ ደግ ሕልም እንዳይሆን ግን ለዓመታት ስጠራጠር ኖሬ፣ አምና ለቡሄ ሞላሌ ሄድኩ። የሰፈራችን ልጆች አውጪ አወጣ፤ ዱላው መሬት መታ፤ አንዲት ትንፋሽ ያህል ዝም ብለው «ሆ» አሉ። ለምን እንደሚዘገዩ ብጠይቃቸው፣ «እኛ ሰፈር እንዲህ ነው የሚባለው» አሉኝ።

በማግስቱ ጌትነትን ከእርሻው መልስ አግኝቼ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ካንተ ወዲህ ነዋ» አለኝ።