የኋላው መቀመጫ

የብረት መጋዝ ድምፅ አልወድም። ዛሬ ፋሲሎ ሰፈር ያለ አንድ ጋራዥ ውስጥ፣ መካኒኩ የአባዬን ትልቅ አሮጌ ሞተር ሳይክል የዛገ ጭስ ማውጫ መቁረጥ ሲጀምር ጥርሴን ነከስሁ። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ግቢያችን ውስጥ የሰማሁት ያ ድምፅ ነው።

ያን ቀን አባዬ ይቆርጥ የነበረው የኋላ መቀመጫውን የሚሸከመውን ብረት ነው። እማዬ እሑድ እሑድ ወገቡን ይዛ ጣና ዳር የምትሄድበት መቀመጫ ነበር። ከተኳረፉ ሳምንት አልፏቸዋል። እማዬ ከፋብሪካ ስትገባ አየችው፤ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆመች።

«የእግር መርገጫዎቹንም ፍታቸው እንጂ! ለማን ታስቀምጣቸዋለህ?» አለችው።

ቀና ብሎ አላያትም። የተቃጠለው ብረት ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። እኔ ግን ተነጋገሩ ብዬ ደስ አለኝ፤ እየረዳችው መስሎኝ ነበር። በማግስቱ መርገጫዎቹን ሳይፈታ ብቻውን ወደ ጎንደር ነድቶ ሄደ። የተመለሰው እማዬን ከቀበርናት በኋላ ነው፤ ከዘራ ይዞ፣ ሞተሩን በአይሱዙ አስጭኖ፣ «ላንቺ ነው» ብሎ።

አሁን ጋራዡ በር ላይ ዱካ ላይ ተቀምጦ ያየናል።

«የኋላ መቀመጫ ልሥራለት እንዴ?» አለኝ መካኒኩ። «መርገጫዎቹ እንዳሉ ናቸው።»

«ሥራለት እንጂ!» አለ አባዬ ፈገግ ብሎ። «ልጄ ጣና ዳር ታዞረኛለች።»

አባዬን እያየሁ ለመካኒኩ መለስሁለት።

«መርገጫዎቹንም ፍታቸው።»