በር ሲዘጋ የሚያውቁኝ

እናቴ ሐኪሜ ዘንድ ሽማግሌ ላከች። ቀልዴን አይደለም። ሁለቱ ከቤተ ክርስቲያናችን፣ አንዱ ከእድራችን፣ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ከረባት አስረው፣ ከሰፈራችን ከምሥራቅ ባጃጅ ይዘው መሃል ከተማ ድረስ ሄዱ፤ እኔንና የሥነ ልቦና ባለሙያውን ሊያስታርቁ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ዕድሜዬ ሠላሳ ስድስት ነው፤ የምሠራው ዩኒቨርሲቲ፣ ሬጅስትራር ቢሮ ነው። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ወደድኩ። ያ ሰው አራት ዓመት ሙሉ ለእናቱ እንኳ አላሳየኝም። ከእሱ በፊት የነበረውም እንደዚያው ደብቆኝ ነው የኖረው። የአራት ዓመቱ ሰው ሌላ ሴት አግብቶ የሠርጉን ፎቶ ስልክ ላይ ሳይ አልጋ ላይ ወደቅኩ፤ መነሳት አቃተኝ። ጸለዩልኝ፣ ጾሙልኝ፣ አልተነሳሁም። በመጨረሻ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እጄን ይዛ ወደዚህ የሥነ ልቦና ባለሙያ ወሰደችኝ።

ክፍሉ ከአንድ ፋርማሲ በላይ፣ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት ወንበርና ሶፍት የተቀመጠበት ትንሽ ጠረጴዛ፣ በቃ። መድኃኒት አይሰጥ፣ ምክር አይሰጥ! ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ሄጄ አወራለሁ፣ እሱ ይሰማል። ስለ ልጅነቴ ይጠይቀኛል፤ ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ስለ ራሱ ምን እንደሚሰማኝ መጠየቁ ነው። ሰው በልጅነቱ የተማረውን መውደድና መፍራት ሳያውቀው ባገኘው ሰው ሁሉ ላይ ይደግመዋል፣ አንድ ቀን እኔም ላይ ትደግሚዋለሽ፣ ያኔ አብረን እናየዋለን አለኝ። እኔ በሆዴ፣ ኧረ ባክህ፣ አንተን ደግሞ ማን አየህ አልኩ።

ገና የመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ነግሮኝ ነበር። «ሐዋሳ ትንሽ ናት፣ መንገድ ላይ መገናኘታችን አይቀርም። ቀድመሽ ሰላም ካላልሽኝ እኔ ሰላም አልልሽም። እዚህ መምጣትሽን ማንም በእኔ በኩል እንዳያውቅ ነው።» እሺ አልኩ፤ እንዲያውም ደስ አለኝ።

አንድ እሑድ ዳቦ ቤት በር ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ከሚስቱ ጋር ነበር። አየኝና እንደማያውቀኝ ሆኖ አለፈ። ያደረገው የተነጋገርነውን ነው፤ እኔ ግን ዳቦውን ሳልገዛ ተመለስኩ። ሐሙስ አልሄድኩም። የሚቀጥለውንም፣ ከዚያ የሚቀጥለውንም ቀረሁ። «ሰዓትሽ እንዳለ ነው፤ እጠብቅሻለሁ» ብሎ መልእክት ላከልኝ፤ አልመለስኩለትም።

እማዬ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ተሸፋፍኜ ስተኛ አየች። ከአልጋ ያስነሳኝ ያ ክፍል ብቻ መሆኑን ስለምታውቅ ፈራች። «ምነው ቀረሽ? ተጣላችሁ እንዴ?» አለችኝ። እንድትተወኝ ብዬ «አዎ፣ ተጣላን» አልኳት። አይ እማዬ! የተጣላ ሰው ምን እንደሚደረግለት ለእሷ ማን ይነግራታል? ሳታማክረኝ ሽማግሌ ለመነች።

ሲመለሱ ሳሎናችን ተቀመጡ፣ ለስላሳ ቀረበላቸው። በልጅነቴ ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ ታላቅየው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ልጄ፣ ሰውዬው ጨዋ ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠን። ያጠፋችው ካለ ስለ ጌታ ብለህ ይቅር በላት አልነው። እሱ ግን እንዲህ ያለች ሰው ትመጣለች አልልም፣ አትመጣምም አልልም፣ ስለ ማንም አልናገርም ብሎ ድርቅ አለ። እንግዲህ በአጭሩ፣ አላውቃትም ነው የሚለው።»

እማዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ያቺ ቃል ከዚህ በፊት ከማን አፍ እንደወጣች የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነን።

አባቴ ሌላ ቤት፣ ሌላ ሚስት፣ ሌሎች ልጆች ነበሩት። እኛ ጋ የሚመጣው ሲመሽ ነው። በሩ ሲዘጋ ጭኑ ላይ ያስቀምጠኛል፣ የእኔ ቆንጆ ይለኛል፣ ብስኩት ያመጣልኛል። ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ጫማዬ ተቀደደና እማዬ ወደ ሱቁ ላከችኝ፤ ቆርቆሮና ምስማር ነበር የሚሸጠው። «አባዬ» እያልኩ ገባሁ። ምስማር የሚያስመዝን ደንበኛ ዞር ብሎ «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አለ። አባቴ ሚዛኑን እያየ «እኔ እንጃ፣ አላውቃትም» አለው። ሰውዬው አመነው፤ ስለ ምስማሩ ማውራታቸውን ቀጠሉ። የዚያኑ ዕለት ማታ ብስኩት ይዞ መጣ። በላሁት።

ሽማግሌዎቹ በሄዱ በሳምንቱ፣ ሐሙስ፣ ደረጃውን ወጣሁ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ እየጠበቀኝ ነበር። ሳልቀመጥ «እርስዎ አላውቃትም አሉ?» ብዬ ጮህኩበት።

«አላልኩም» አለ። «አውቃታለሁም አላልኩም።» ቀጥሎ «ስትሰሚው ምን ተሰማሽ?» አለኝ።

ምን ተሰማሽ! ይቺ ጥያቄው አንድ ቀን ትገድለኛለች። ቦርሳዬን ወለሉ ላይ ወርውሬ፣ ከእማዬ በቀር ለሰው ነግሬው የማላውቀውን የሱቁን ነገር እያለቀስኩ ዘረገፍኩት። ጎንበስ ብሎ ሰማኝ። ስጨርስ በቀስታ «እኔ እዚህ አውቅሻለሁ» አለ።

ሳቄ መጣ። የምሬን ሳቅሁ። «ዶክተር፣ አባቴም እኮ ቤት ውስጥ ያውቀኝ ነበር።»

  ቀና ብሎ «ልክ ነሽ» አለ። «እኔም ያንኑ ቁስል ነካሁት። ሰላም የማለቱ ነገር ግን በአንቺ እጅ ነው። መንገድ ላይ፣ በሰው ፊት፣ በፈለግሽ ቀን ሰላም በይኝ፤ ቆሜ እመልስልሻለሁ።»

አባቴ፣ እነዚያ አራት ዓመታት፣ ዳቦ ቤቱ፣ ሁሉም አንድ ነገር መሆናቸው ቁልጭ ብሎ ታየኝ። የገባኝ ቀን እድናለሁ ብዬ ነበር ስመላለስ የከረምኩት። ገባኝ፤ ባጃጅ ውስጥ ስገባ ግን ደረቴ ላይ ያለው ድንጋይ እዚያው ነበር። የቀረችኝ ተስፋ ያቺ ሰላምታ ብቻ ሆነች። አንድ ሰው በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ፣ ያውቀኛል። ልብስ ሳጥብ፣ መንገድ ስሄድ፣ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር» ማለትን ተለማመድኩ። እንዴት አደርሽ ሲለኝ፣ ሚስቱ እጇን ስትዘረጋልኝ፣ እማዬ ይህን ስታይ፣ ሁሉም በዓይኔ ላይ ውል ይልብኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ ከጸሎት በኋላ ከእማዬ ጋር ሐይቁ ዳር እየሄድን ከፊታችን ሲመጣ አየሁት። ሚስቱ ክንዱን ይዛዋለች። ሲያየኝ እርምጃውን ቀነሰ። ፊቱን አላዞረም፤ ቆሞ ጠበቀኝ ማለት ይቻላል። ያቺ የተለማመድኳት ሰላምታ አፌ ውስጥ ነበረች። እማዬ ክርኔን ነካ አድርጋ «ያ የሚያይሽ ሰውዬ ማነው?» አለችኝ።

ሐይቁን እያየሁ «እኔ እንጃ» አልኳት። «አላውቀውም።»

አመነችኝ። ለምሳ ምን እንደምንሠራ ማውራታችንን ቀጠልን።