አንዴ ብቻ የሚጠየቅበት አገር

ከመቱ የወጣሁበት ቀን ዋዜማ፣ መሸት ሲል ቤታችን በጎረቤት ተሞላ። ሻንጣዬ ከአባቴ ሱቅ ጓዳ፣ በስኳር ጆንያዎች መካከል ተዘግቶ ተቀምጧል፤ አውቶቡሱ የሚነሳው ንጋት ላይ ነው። የግድግዳ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ በቅቤ የራሰ አንጮቴ፣ ያን የአገራችንን ሥራ ሥር፣ በሳህን ይዘው መጡ።

"ብዪ።"

"አይ እትዬ፣ አሁን ነው የበላሁት።" አልበላሁም ነበር።

"ብዪ እንጂ! እዚያ አንጮቴ ማን ይሰጥሻል?"

"ጠግቤያለሁ፣ እውነቴን ነው።"

"በዘይነባ ሞት!"

ያን ጊዜ ተቀብዬ ሳህኑን ጠረግሁት። በእኛ ዘንድ መጀመሪያ ሲጠየቅ እሺ ያለ ስግብግብ ነው፤ ሦስተኛው ላይ እንቢ ያለ ደግሞ ኩራተኛ። እትዬ ግንባሬን ስመው "ነጋን ገሊ፣ በሰላም ግቢ" አሉኝ።

አንጮቴ የተሰበረ አጥንት ይጠግናል ይባላል። ወንድሜ ጀማል ብዙ በልቶታል። ከመቱ ጎሬ ሚኒባስ የሚነዳ ሰው ነው፤ መኪናው ዳገቱ ላይ ተገልብጦ ቅልጥሙ ተሰበረና ብረት ገባለት። ብረቱ ግን ከአጥንቱ ጋር አልስማማ አለ። መገለ፣ ወጣ፣ ሌላ ገባ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ስማር ሐሳቤ ሁሉ እዚያ ብረት ላይ ነበር። አጥንት ብረትን እንደ ባዕድ እንዳያየው ምን ይደረግ? ይህንኑ የሚያጠና አንድ ቤተ ሙከራ ለማስተርስ ሲቀበለኝ፣ ቱርኩ የምትባለዋን የፊንላንድ ከተማ ካርታ ላይ በጣቴ ፈልጌ ነው ያገኘኋት።

ስለ ብርዱ ብነግራችሁ አታምኑኝም። የእኛ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰው የሚያወራ ይመስላል፤ በረዶ ግን ድምፅ የለውም፣ ስትነቁ አገሩ ነጭ ሆኖ ትደርሱበታላችሁ። ሰዉም እንደ በረዶው ዝም ያለ ነው። ሩይስሌይፓ የሚሉት ጥቁር ዳቦ አላቸው፣ ኮምጣጣ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስቀምሰው የእንጀራ የሩቅ ዘመድ ያገኘሁ መስሎኝ ደስ አለኝ። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ እኔ፣ መቱ ውስጥ "አፍ የላትም" የምባለው፣ እዚያ ወሬኛ መሆኔ ነው። ለአውቶቡስ ሾፌሩ ሰላምታ ስለምሰጥ ብቻ!

ባለቤቴ፣ ማለቴ የተከራየሁት ክፍል ባለቤት፣ ኤሮ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። በገባሁ ቀን ወፍራም ብርድ ልብስ ታቅፈው መጡ።

"የቀድሞዋ ተከራይ የተወችው ነው። ትፈልጊዋለሽ?"

"አይ፣ አይቸገሩ።"

"እሺ" አሉና ብርድ ልብሱን እንደታቀፉ ደረጃውን ወረዱ። አሁን ይመለሳሉ እያልኩ በሩን ገርበብ አድርጌ ቆየሁ። አልተመለሱም። ካፖርቴን ለብሼ፣ ሁለት ሻሽ ደርቤ ተኛሁ። በአራተኛው ቀን ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ።

"ያ ብርድ ልብስ..."

"አልፈልግም ብለሽኛል እኮ። ለሌላ ሰው ሰጠሁት።"

"በጣም ስለሚበርድ ነው።"

ኤሮ ግራ ተጋቡ። "ያን ቀን አይበርድም ነበር?"

ከዚህ መማር ነበረብኝ፤ አልተማርኩም።

ቤተ ሙከራው ግን እንደ ቤቴ ሆነልኝ። ሴሪየም የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ብርቅ የምድር ማዕድናት ከሚሏቸው አንዱ ነው፣ ስሙ ነው እንጂ ያን ያህል ብርቅ አይደለም። ከእሱ የሽምብራ ዱቄት የመሰለ ነገር እንሠራለን። አንዷ ቅንጣት ግን እጅግ ደቃቅ ስለሆነች ከጸጉር ጋር እንኳ አትነጻጸርም። እሱን የአጥንት ብሎን ላይ እንቀባለን፤ ብሎኑ ላይ የአጥንት ሕዋሳት እናሳድጋለን። በሁለተኛው ዓመት፣ መጋቢት ላይ፣ በማይክሮስኮፕ ሳይ፣ ባዶው ብሎን ላይ ያሉት ሕዋሳት በር አጠገብ እንደተቀመጠ እንግዳ ኩርምት ብለዋል። የተቀባው ላይ ያሉት ግን እግራቸውን ዘርግተው ተመቻችተዋል። ብቻዬን ሳቅሁ። የጀማልን ቅልጥም ያየሁ መሰለኝ።

በማግስቱ ቤተ ሙከራውን የሚመሩት ሴት ፕሮፌሰር ጠሩኝ። "ሄልሚ ብቻ በይኝ" ይሉኛል፤ አፌ ግን እስከ ዛሬ አልታዘዘኝም።

"ውጤቱ ጥሩ ነው" አሉ። "ለአራት ዓመት የዶክትሬት ቦታ አለ። ሥራውን የሚቀጥለው ሰው ብሎኑን ሕክምና ቤት እስኪደርስ ይከተለዋል። ትፈልጊያለሽ?"

ከዚህ ሌላ የምመኘው አልነበረም። አፌ ግን በእናቴ ድምፅ "አይ፣ ከእኔ የሚሻል ሞልቷል" አለ።

ትንሽ አሰቡ። "በግልጽ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። ነገ ቀትር ላይ ማስታወቂያ እናወጣለን።" አለቀ! ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ያን ቦታ ካጣሁ ጥያቄዬን ከግማሹ ትቼ መመለሴ ነው።

ለጀማል ደወልኩ።

"እንቢ አልሽ?"

"እንደገና ይጠይቁኛል ብዬ ነዋ!"

ሚኒባሱን ዳር አስይዞ ሳቀ፤ ተሳፋሪዎቹ ሲያጉረመርሙ ይሰማኛል። "ሴትዮዋ እትዬ ዘይነባ መሰሉሽ? ሂጂና ንገሪያቸው።"

"አፍራለሁ።"

"በዚህ ብረት ባለበት እግሬ ይዤሻለሁ! ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚጠዘጥዘኝ እኔ ነኝ፣ አንቺ ማፈር ትችያለሽ።"

ጠዋት የቢሯቸው በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው።

"ትናንት እንቢ ያልኩት... እንቢ ማለቴ አልነበረም።"

"ታዲያ ምን ነበር?"

"ጨዋነት።" ከዚያ በአንድ ትንፋሽ አወረድኩት፤ እኛ ጋ አንዴ ተጠይቆ እሺ ማለት ነውር እንደሆነ፣ ሦስት ጊዜ እንደሚጠየቅ፣ ብርድ ልብሱንም ሳይቀር።

"ሦስት ጊዜ" አሉ፣ የሙከራ ውጤት እንደሚመዘግቡ በቁም ነገር። "ስለዚህ ሁለት ይቀሩኛል። ቦታውን ትፈልጊያለሽ?"

ያ "አይ" እንደ ልማዱ ከንፈሬ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት።

"እፈልጋለሁ!"

በዕድሜዬ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ሦስት በሮች ተከፈቱ፤ አንዱ ተማሪ የቡና ኩባያውን እንደያዘ አንገቱን አወጣ።

"ሦስተኛውንስ ልጠይቅ?"

"ይቅር!"

"ጥሩ። ስብሰባ አለኝ" አሉና ሄዱ፤ ዞር ሲሉ ግን ሲስቁ አይቻቸዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ደጅ ወጥቼ እናቴ ጋ ደወልኩ፤ ሱቅ ነበረች።

"እማ፣ አራት ዓመት ጨመሩልኝ።"

"ያ ረቢ! ምን አጥፍተሽ?"

"ትምህርት ነው እማ። ዶክተር ልሆን ነው።"

"አራት" አለች ቀስ ብላ፣ ለራሷ። ከዚያ ድንገት እልልታዋ ጆሮዬን ሞላው፤ ሱቅ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ተከተላት። ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ረሳችው።

"ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው!" ይላል አባቴ።

"አልሐምዱሊላህ! ጉልበቴን ታይልኛለቻ" የሚል የሽማግሌ ድምፅ።

"የብሎን ዶክተር ናት አሉ፣ ጋሼ" ይላል ሌላው።

"ይኸ ጉልበቴስ ከብሎን በምን ይለያል?"

ሳቅ ሆነ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ። አንድ ሰው ሁለት ኪሎ ስኳር ጠየቀ፤ እናቴ "መቼ ትመጣለች?" ለሚላት ሌላ ሰው የመለሰችውን ዝናቡ ወሰደብኝ። ሚዛኑ ሲነካ፣ ላስቲኩ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። እኔን የሚያናግረኝ ማንም አልነበረም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ በረዶው ላይ እንደቆምኩ ቆየሁ።