የሚሮጠው ፊደል

በደርግ ጊዜ ደሴ ውስጥ ብሩሽ የያዘ ሰው ሁሉ የሚጽፈው ቀይ ጨርቅ ላይ ነበር። እኔም የቀበሌያችን መፈክር ጸሐፊ ነበርኩ። «ወደፊት» የምትለዋን ቃል ስንቴ እንደጻፍኳት አላህ ይወቀው። ሁልጊዜ ቀጥ ብላ የቆመች፣ ከቦታዋ ንቅንቅ የማትል ቃል ነበረች። አንገፍግፋኝ ነበር።

ስለዚህ የሰፈራችን ነጋዴ ሐጂ፣ ኮምቦልቻ የምትመላለስ አውቶብሳቸውን አስቀብተው «እስቲ ጎኗ ላይ ጻፊ፤ ካማረኝ የሱቄም ታፔላ ያንቺ ነው» ሲሉኝ፣ ከጨርቁ ልገላገል ነው አልኩ።

የከተማው ሰው የለመደው ቆብና ጭራ ያለው፣ አንዱ መስመር ቀጭን ሌላው ወፍራም የሆነ ፊደል ነው። እኔ ጭራውን ቆረጥኩት፣ መስመሩን ሁሉ እኩል አወፈርኩት፣ ከዚያ ነፋስ ከኋላ እንደሚገፋው ሰው ወደ ቀኝ አጋደልኩት። በመሳፈሪያው በር በኩል «ደሴ ኮምቦልቻ» ብዬ ስጨርስ መኪናዋ ቆማ የምትሮጥ መሰለች። ሐጂ «ማሻአላህ» አሉ። ደረቴን ነፍቼ ዞርኩና በሹፌሩም በኩል ያንኑ ደገምኩት።

ሹፌሩ አይቶ ሳቀ። በእሱ በኩል የመኪናዋ አፍንጫ በግራ ነው፤ ፊደሎቼ ደግሞ ወደ ቀኝ፣ ወደ ጅራቷ አጋድለዋል።

«ወላሂ ይቺን ይዤ የሐረጎን ዳገት አልወጣም፤ ወደ ኋላ ትጎትተኛለች» አለ።

ሐጂ ጢማቸውን ዳበሱ። «ልጄ፣ በዚህ በኩልማ ወደ ቤቷ እየተመለሰች ነው። እስከ ጁምዓ ካልተስተካከለ ያንን የድሮውን፣ ባለጭራ ፊደል ጸሐፊ እጠራለሁ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቀለሙ ሳይደርቅ በናፍታ ፈትጌ አጠፋሁት። ወደ ግራ ያጋደለ ፊደል በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም፤ ልሞክር ስል እጄ እምቢ አለኝ፣ እየሳተ ወደ ለመደው ይመለሳል። ተናደድኩ። ጠመኔ የተቀባ ክር ወደ መኪናዋ አፍንጫ በሰያፍ እየወጠርኩ፣ እጄን ሳይሆን ክሩን እያመንኩ ጻፍኩ።

ጁምዓ ዕለት ሐጂ መኪናዋን ዞሯት። «አብሽሪ፣ አሁን በሁለቱም በኩል ሄደች» አሉ። ሹፌሩም ቢስሚላህ ብሎ ተነሳ። ሐረጎ መታጠፊያው ላይ ቆሜ መመለሷን ጠበቅኩ። ከኩርባው ብቅ ስትል፣ ፊደል የማይለዩ ገበያተኞች ሳይቀሩ «የኛዋ መጣች» ብለው ዕቃቸውን አነሱ። ከደስታዬ ብዛት አለቀስኩ።

ብዙም ሳይቆይ የቀበሌው ሊቀመንበር አስጠራኝ። ለአብዮቱ በዓል «ወደፊት» የሚለውን በዚያ በሚሮጠው ፊደል እንድጽፍለት ፈለገ።

«ጨርቁ የት ነው የሚሰቀለው?» አልኩት።

«ግንቡ ላይ ነዋ።»

«ታዲያ ጓድ ሊቀመንበር፣ ግንቡ ወዴት ይሄዳል ብዬ ላጋድለው?»

ዞር ብሎ ግንቡን አየው። እኔም ብሩሼን አንስቼ ወደ ሐጂ ሱቅ ሄድኩና ታፔላቸውን ገበያተኛ ወደሚገባበት፣ ወደ በሩ አጋድዬ ጻፍኩት።