እትዬ ምናልባት እና የሰርጉ ቀን ድንጋይ

«እትዬ ምናልባት» የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ እውነት ለመናገር ደግሞ ስሙ ልክክ ብሎላቸዋል። ዛሬ ይዘንባል? «ምናልባት።» እራት ደርሷል? «ምናልባት፤ ድስቱን ከፍቼ ልየው።» ባላቸው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። በወጣትነታቸው «ታገቢኛለሽ ወይ?» ብለው ቢጠይቋቸው ይህችኑ መልስ አግኝተው እንቅልፍ አጥተው እንደከረሙ፣ ዛሬም ድረስ መንገድ በተዘጋጋ ቁጥር ለተሳፋሪው ሁሉ ይናገራሉ።

ሴትዮዋ ግን ዝም ብለው ወላዋይ ሆነው አይደለም። ሥራቸው ነው እንዲህ ያደረጋቸው። ከከተማው ጫፍ፣ ኮረብታው ላይ ባለው የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ነው የሚሠሩት። ይህን የሰማ ሁሉ ካፖርት ደርበው ሰማይ ላይ እንዳፈጠጡ የሚያድሩ ይመስለዋል። ኧረ ወዲያ! ሌሊቱን የሚሠራው ቴሌስኮፑ ነው፤ ጣራው ተከፍቶለት ብቻውን ፎቶ ሲያነሳ ያድራል። እሳቸው እንደማንኛውም የቢሮ ሰው ጠዋት ተጋፍተው በአውቶቡስ ይደርሳሉ፣ ቦርሳቸውን ወንበሩ ላይ ያንጠለጥላሉ፣ መነጽራቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፍተው አንዱን የሰማይ ቁራጭ የሚያሳዩ አራት ፎቶዎችን እያፈራረቁ ያያሉ። ፎቶዎቹ በደቂቃዎች ልዩነት የተነሱ ናቸው። ከዋክብቱ ካሉበት ንቅንቅ አይሉም። ከመሀላቸው አንዷ ነጥብ ከፎቶ ፎቶ ፈቀቅ ፈቀቅ ካለች ግን እሷ ኮከብ አይደለችም፤ እንደኛው ፀሐይን የምትዞር ድንጋይ ናት፣ አስትሮይድ የሚሏት። እትዬ ምናልባት የነጥቧን ቦታ ለክተው ወደ ማዕከል ይልካሉ። በማዕከሉ ከየአገሩ የመጣው ልኬት ተሰብስቦ የድንጋዩ መንገድ ይሰላል። በተለይ ወደ ምድር ጠጋ የሚሉትን ነው አንድ በአንድ የሚከታተሉት።

«ምናልባት» የሚሉት አመልም የያዛቸው እዚያው ነው። ገና ሥራ የጀመሩ ሰሞን ማንም ያላያትን ነጥብ አገኙና «አዲስ አስትሮይድ!» ብለው ጮኹ። አለቃቸው በደስታ ኬክ አስመጡ። ኬኩ ተቆርሶ፣ ክሬሙ ገና ከከንፈር ሳይጠረግ፣ ከማዕከሉ መልስ መጣ፦ ያገኙት ድንጋይ ሳይሆን፣ ሥራውን ጨርሶ ሕዋ ላይ የቀረ የአሮጌ ሮኬት ቁራጭ ነው። ብረት! «ቆርቆሮ አግኝታ ኬክ አስበላችን» እየተባለ ስንት ጊዜ ተሳቀባቸው። ከዚያ ወዲህ የአንድ ነገር መንገድ በደንብ ሳይታወቅ ቁርጥ ያለ ቃል መናገር እርም ብለዋል።

ይህ አመላቸው ማንንም ሳይጎዳ ስንት ዘመን ኖሮ ኖሮ፣ የልጃቸው ሰርግ ሲደርስ ጉድ አፈላ።

ያለቻቸው አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ ነርስ ነች። የምታገባው ልጅ የማቀዝቀዣ መካኒክ ሲሆን፣ ከሰርጉ ማግስት ለሁለት ዓመት ሥራ ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል። ተጋብተው ከሆነ አብራው ትሄዳለች፤ ካልተጋቡ ግን እሱ ብቻውን ሄዶ እሷ ትቀራለች። ስለዚህ ሰርጉ ከዚያ ቀን ካለፈ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ ማለት ነው። አዳራሹ ተይዟል፣ ቀሚሱ ተሰፍቷል፣ ሻንጣው ሳይቀር ግማሹ ታጭቋል።

ሰርጉ ወር ሲቀረው ታዲያ፣ አንድ ሌላ ጣቢያ ትልቅ ፎቅ የሚያክል አዲስ ድንጋይ አገኘ። እትዬ ምናልባት ለኩት፣ ሌሎችም ለኩት፣ ማዕከሉ አሰላና ድንጋዩ ወደ ምድር የሚጠጋበትን ቀን አወጣ። እትዬ ምናልባት ቀኑን አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ደግመው አነበቡት። የሰርጉ ቀን ነው! ምድርን የመምታቱ ዕድል ከሦስት ሺህ አንድ ነው ይላል።

«ይሄ ኢምንት ነው» አሉ ለራሳቸው፤ እውነታቸውን ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር በየጊዜው ይወጣል፤ ልኬቱ ሲበዛ ብን ብሎ ይጠፋል። ችግሩ፣ ቁጥሩን ሬዲዮም አገኘው። ሬዲዮኑ የተከፈተው ደግሞ፣ የት ይሁን ብትሉ፣ የሙሽራው እናት ጸጉር ቤት ውስጥ!

የሙሽራው እናት ጸጉር ሠሪ ናቸው። ቤታቸው ሦስት ወንበር፣ ግድግዳውን የሞላ መስታወትና ሁለት የጸጉር ማድረቂያ ካስክ አለው። ካስክ ውስጥ ጭንቅላቷን የከተተች ሴት ወሬው እንዳያመልጣት ሁሉም ነገር በጩኸት ስለሚወራ፣ እዚያ ቤት የተነገረ ነገር መንገድ ተሻግሮ ዳቦ ቤቱ ድረስ ይሰማል። እኚህ ሴት ወዲያው ስልክ ደወሉ።

«እህቴ፣ ይሄ ድንጋይ ምናምን የሚሉት ነገር እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«በልጆቻችን ሰርግ ቀን?»

«አዎ። ግን ምንም አይጨነቁ፣ ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው።»

«የዕድሉን ነገር ይተዉኝ! ይመታናል ወይስ አይመታንም?»

እዚህ ላይ ሌላ እናት ብትሆን «አይመታንም» ብላ ስልኩን ዘግታ ወደ ሽንኩርቷ ትመለስ ነበር። እትዬ ምናልባት ግን፣ «እስካሁን ባለው ልኬት አይመታንም ብዬ አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም» አሉ።

አቤት! እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ የሚሉት ይሄ ነው። የሙሽራው እናት «ሰማይ የምታየዋ ሴትዮ ራሷ አልችልም ብላኛለች፤ ልጄን ድንጋይ እየመጣ አልድርም፤ ሰርጉ ይተላለፍ» ብለው ድርቅ አሉ። ልጃቸው ቢለምናቸው አለቀሱ፣ ቢቆጣቸው ደግሞ የባሰ አለቀሱ።

ሙሽሪት ነርስነቷንም ትታ እንደ ሕፃን ተነጫነጨች። «እማዬ፣ አንድ ቃል እኮ ናት! አይመታንም በያቸውና እንገላገል!»

«ሳልለካ?»

«ሳትለኪ! የሰው እናት ለልጇ ስትል አንድ ቀን ትዋሻለች!»

«ጥሩ ልኬት ይምጣልኝና እነግራቸዋለሁ፣ ልጄ።»

ልጅቷ በሩን አላግታው ወጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእናቷ ጋር የምታወራው በአባቷ በኩል ሆነ። ሦስቱም አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠው፣ «አባዬ፣ ከጨው ጎን ያለችውን ሴትዮ ጨው አቀብዪ በላት» ትላለች። አባት ሆዬ ሳቃቸውን ውጠው ያስተላልፋሉ፤ እትዬ ምናልባት ጨውን ያቀብላሉ፤ ከዚያ ድንገት ወጥ ቤት የረሱት ነገር ትዝ ይላቸዋል፤ እዚያ ገብተው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ልጃቸውን ይወዷታል እኮ! ግን የማያውቁትን አውቃለሁ ማለት እንዴት ይሁንላቸው?

ይባስ ብሎ፣ ሳምንት ሳይሞላ የመምታቱ ዕድል ከፍ አለ። ከአራት መቶ አንድ ሆነ። ጸጉር ቤቱ ቀውጢ ሆነ። የሙሽራው እናት በዚያኑ ቀን መጥተው በእነ እትዬ ምናልባት ሳሎን መሀል ቆሙ። «ትንሽ ነው አላሉኝም? ይኸው አደገ!»

«እህቴ፣ ይቀመጡ» አሉ እትዬ ምናልባት። «ቁልፍ ጠፍቶዎት ያውቃል?»

«በየቀኑ ነው የሚጠፋኝ።»

«እንግዲህ ያስቡት። ሳሎኑን ፈለጉ፣ የለም። ወጥ ቤቱን ፈለጉ፣ የለም። ያልተፈተሸው መኝታ ቤቱ ብቻ ሲቀር፣ ‹እዚያ ነው ማለት ነው› ይላሉ አይደል? ቁልፉ አልተንቀሳቀሰም፤ የሚፈለግበት ቦታ ነው የጠበበው። የእኛም እንደዚያው ነው። ድንጋዩ ሊያልፍበት የሚችለው ቦታ በጣም ሰፊ ነበር፤ በለካን ቁጥር እየጠበበ ነው። ምድር ገና ከጠበበው ውስጥ ስላለች ድርሻዋ ከፍ ያለ ይመስላል። አንድ ጥሩ ልኬት ብናገኝ መኝታ ቤቱን ከፍተን እናያለን። ብዙ ጊዜ ቁልፉ እዚያም የለም፤ ከነጭራሹ በሩ ላይ ተሰክቶ ነው የሚገኘው።»

የሙሽራው እናት በጥሞና አዳመጡ። ነገሩ ገባቸው ማለት ነው፤ ምክንያቱም ወዲያው፣ «መኝታ ቤት ቢሆንስ?» አሉ።

«አንዲት ጥሩ ልኬት ትምጣልኝ ብቻ» አሉ እትዬ ምናልባት።

ያቺ አንዲት ልኬት ታዲያ እንቢ አለች። ደመናው መጥቶ ኮረብታው ላይ ተኛ። ያንን የሰማይ ጥግ የሚያዩ ጣቢያዎች ጥቂት ናቸው፤ አንዱ ጥገና ላይ ነው፣ ሌላውም እንደእነሱው ደመና ውጦታል። እትዬ ምናልባት ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሩን ሲከፍቱ አራቱም ፎቶ የዕቃ እጣቢ መስሎ ይጠብቃቸዋል። ነጥብ የለ፣ ኮከብ የለ። ባልደረቦቻቸው እንኳ መቀለድ ተዉ።

አንድ ቀን ሙሽራው ራሱ የመካኒክ ቱታውን እንደለበሰ ጣቢያው ድረስ መጣ። «እማማ፣ እስቲ ድንጋይዋን ያሳዩኝ» አለ። የድሮውን ፎቶ ከፍተው አሳዩት። ዓይኑን አጥብቦ ፈለገ፣ ስክሪኑን በጣቱ ሊነካ ምንም አልቀረው፣ አጣት። እሳቸው ሲጠቁሙት ሳቀ። «ይቺ ናት እናቴን የምታስለቅሳት? እኔ እንደሁ ብትመጣም አልፈራት፤ ከልጅዎ ጎን ልሁን ብቻ። ግን እናቴን እያስለቀስኩ ማግባት አልችልም። ምን ይሻለኛል?» እትዬ ምናልባት ውሃ ቀዱለት። እሱም ጠጣና ማቀዝቀዣቸው ጮክ ብሎ እንደሚያጉረመርም ሰምቶ፣ ጀርባውን ፈትቶ ጠግኖላቸው ሄደ።

ሰርጉ ሳምንት እንኳ ሳይቀረው፣ እትዬ ምናልባት ኮምፒውተራቸውን ሲከፍቱ ከዋክብቱ ኩልል ብለው ተደርድረዋል። ሰማዩ ጠርቶ አድሯል! አራቱን ፎቶ ማፈራረቅ ጀመሩ። ከወደ ጥጉ፣ ከአንድ ደብዛዛ ኮከብ አጠገብ፣ ነጥቧ ፈቀቅ፣ ፈቀቅ፣ ፈቀቅ አለች። ለኩ። ደግመው ለኩ። ጎረቤት ወንበር ላይ ያለውን ባልደረባቸውን «አንተም ለካ» አሉት፤ ያው ወጣ። ላኩት። ከዚያ ጥፍራቸውን እየበሉ ጠበቁ። ምሳ ሰዓት ገደማ ማዕከሉ አዲሱን ስሌት አወጣ፦ ድንጋዩ የሚያልፈው ከጨረቃ ወዲያ ማዶ ነው። የመምታት ዕድል፣ ዜሮ።

ቦርሳቸውን ወንበሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ረስተውት ወጡ። ጸጉር ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ እያለከለኩ ነበር። «አይመታንም!» አሉ።

የሙሽራው እናት ማበጠሪያውን ከደንበኛቸው ጸጉር ሳይነቅሉ ትኩር ብለው አዩዋቸው። «ቁርጥ ነው?»

«ቁርጥ ነው።»

«እሺ። ሰርጉ በቀኑ ይሁን» አሉና ማበጠራቸውን ቀጠሉ።

እትዬ ምናልባት ደነገጡ። መንገዱን ሁሉ እንዴት እንደሚያስረዷቸው ሲያውጠነጥኑ ነው የመጡት። «ገና እኮ አላስረዳሁዎትም!»

«ምኑን ነው የሚያስረዱኝ? የዚያን ቀን በስልክ አይመታንም ቢሉኝ ኖሮ፣ ለልጇ ስትል ነው ብዬ አላምንዎትም ነበር። ልጅዎ እያለቀሰች እንቢ ያሉትን ቃል ዛሬ ከራስዎ አፍ ከሰማሁ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?»

ደንበኛዋን ካስክ ውስጥ አስገቧት። ከዚያ እትዬ ምናልባትን እጃቸውን ይዘው ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጧቸውና፣ ራሳቸው ከጎናቸው ተቀመጡ። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አደረጉ። የሙሽራው እናት ሲናገሩ ድምፃቸው ዝግ ብሏል፤ አንቱታውንም የት እንደጣሉት እንጃ።

«አንቺዬ፣ እኔ ድንጋዩን ብቻ ፈርቼ መሰለሽ? እንዲያው ሰርጉ ቢተላለፍ ጉዞውም ይቀር ይሆን ብዬ ነበር። ሁለት ዓመት እኮ ነው። የልጄን ድምፅ በስልክ ብቻ ልሰማ ነው።»

እትዬ ምናልባት መስታወቱ ውስጥ የራሳቸውን ፊት አዩ። ውሸት አይችሉበትም፤ ዛሬም አልቻሉበትም። «እኔም ልንገርሽ» አሉ። «ጠዋት ጠዋት ያንን ደመና ሳይ፣ አንዳንድ ቀን ደስ ይለኝ ነበር። ካልጠራ ልጄ አትሄድብኝም እያልኩ።»

«አንቺ? ያን ሁሉ ስታስጨንቂን?»

«እኔ።»

ተያዩ። መጀመሪያ የሙሽራው እናት ፈገግ አሉ፣ ቀጥሎ ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ፣ ሳቁ መሀል ላይ ሳያስቡት ለቅሶ ሆነ፣ እንደገና ሳቅ ሆነ። ካስክ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ምንም ስላልሰማች አንገቷን አስግጋ «ምን ተባለ? ምን ተባለ?» ትላለች።

ይሄኔ ሙሽሪት በሩን በርግዳ ገባች። እናቷ እየሮጡ ጸጉር ቤት ሲገቡ ያየ ሰው ነግሯት፣ ከሥራ ከነጋዋኗ ነው የመጣችው። ሁለቱ እናቶች ተቃቅፈው ዓይናቸውን ሲጠርጉ ስታይ ጭንቅላቷን ይዛ፣ «ወይኔ እማዬ! ሊመታን ነው?» አለች።

«ኧረ ድንጋዩስ አይነካንም፣ ልጄ» አሉ የሙሽራው እናት አፍንጫቸውን በፎጣ እየጠረጉ። «እኛን የመታን የእናንተ መሄድ ነው። ነይ እስቲ፣ መሀላችን ተቀመጪ።»