ብጉር ያወጡት ዓሣዎች

በንጉሡ ዘመን የዓሣ ማራቢያ ጣቢያችን ኮልፌ፣ ከአስኮ መንገድ ገባ ብሎ የሚገኝ ግቢ ነበር። ሥራ በጀመርኩ ቀን ኃላፊያችን ዶክተር መርዕድ መረብና ቴርሞሜትር ሰጡኝና፣ «ዓሣ ከመንካትሽ በፊት እጅሽን አርጥቢ። በደረቅ እጅ ከያዝሽው ቆዳው ይላጥና ይቆስላል» አሉኝ። ሌላ ትምህርት አልነበረም።

ዓሣው ከጣት አይበልጥም። ከአንድ ወንዝ በቀር የትም አልተገኘም፤ ያንንም ወንዝ ለመስኖ ጠልፈውት ደርቋል። የቀረው እኛ ገንዳ ውስጥ ያለው ብቻ ነበር። ካልተራባ ዘሩ በእጃችን ላይ ይጠፋል። ጥቂት ስለሆነ አንዱንም ከፍተን ለማየት አልደፈርንም፤ ስለዚህ ወንዱን ከሴቷ አንለይም ነበር።

ክረምት ሲገባ የአንዳንዶቹ አፍንጫ ላይ ነጫጭ ብጉር ወጣ። በእኛ ሙያ ነጭ ነጥብ ማለት ተላላፊ በሽታ ነው። ዶክተር፣ «የታመሙትን ለዩ፣ ጨው ውሃ ውስጥ አስገቡ» ብለው አዘዙ። ባለብጉሮቹን በመረብ እያወጣን አሮጌ ባኞ ውስጥ ከተትናቸው። አብረውኝ የሚሠሩት ጋሽ ወልዴ ባኞውን በሥጋ ደዌ ሆስፒታሉ ስም «ዘነበወርቅ» አሉት። ቀልዱን አልወደድኩትም።

ገንዳው ውስጥ የቀሩት ሆዳቸው ተነፋ፣ እንቁላልም ጣሉ። በጣም ደስ አለን። በማግስቱ እንቁላሉ ሁሉ ነጭ ሆኖ ሻገተ። ደግመው ጣሉ፤ ያም ሻገተ። ዶክተር የውሃውን ሙቀት በደንብ አልተከታተልሽም ብለው ተቆጡኝ። እኔም ደሜ ፈላ። ቴርሞሜትሩን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ፣ «እንግዲያው እርስዎ ይለኩት» አልኳቸው።

ባኞ ውስጥ ያሉት ደግሞ ማለቅ ጀመሩ። ዶክተር ከሞቱት አንዱን ከፍተው በማይክሮስኮፕ አዩት። ሌላ ከፈቱ፣ ከዚያም ሌላ።

«ወንዶች ናቸው» አሉ በመጨረሻ። «ሁሉም። ብጉሩ በመራቢያ ወቅት የሚያወጡት ነው እንጂ በሽታ አይደለም። ለዩ ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ጋሽ ወልዴ፣ «ሙሽሮቹን አስረን ነዋ፣ ሙሽሪቶቹን ለምን አልወለዳችሁም ስንል የከረምነው!» አሉ። ማንም አልሳቀም።

ከባኞው በሕይወት የወጣው አንድ ወንድ ብቻ ነበር። ገንዳው ውስጥ ስንመልሰው ጥግ ይዞ ቆመ። ቆይቶ አንዷን ተከተላትና ብጉራም አፍንጫውን ጎኗ ላይ እያሻሸ ይገፋት ጀመር። ያን ጊዜ የጣለችው እንቁላል ሳይነጣ አደረ። ውስጡ ትንንሽ ዓይኖች ሲታዩ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ጣቢያው ውስጥ የተፈለፈለው ዓሣ ሁሉ ዘሩ ከዚያ አንድ አባት ነው። ሌሎቹን አባቶች በጨው የገደልናቸው እኛ ነን። ዓሣ ታመመ ከማለታችሁ በፊት ጤነኛው በዚያ ወቅት ምን እንደሚመስል እወቁ።