ፏፏቴው አፋፍ ላይ ያለው ዛፍ

ዝናቡ ሚዛን ከተማ ያለውን የቤታችንን ቆርቆሮ ይደበድባል። የታመመው አባቴ እግር ከብርድ ልብሱ ወጥቷል፤ ጣቶቹ አንሶላውን እንደ ዛፍ ቅርፊት ቆንጥጠዋል።

ልጅ ሳለሁ ሸኮ ጫካ ውስጥ ፏፏቴ ሊያሳየኝ ከአያቴ ጋር ወሰደኝ። እግረ መንገዱን ቀፎ ሊሰቅል አፋፉ ላይ የበቀለ ዛፍ ወጣ። የውሃው ፍንጣቂ ፊቴን እያራሰው፣ ባዶ እግሩ እርጥቡ ቅርፊት ላይ ሲንሸራተት አየሁ። ልጮህ ስል አያቴ ሰም ሰም በሚሸት መዳፏ አፌን ያዘችኝ።

"ዛፍ ላይ ያለ ሰው አይጠራም። ድምፅሽን ሰምቶ ቁልቁል ካየ ይወድቃል።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ምን ታደርጊያለሽ ልጄ፣ ቆሞ ማየት ነው እንጂ።"

ያን ቀን በደህና ወረደ።

አሁን አያቴ የለችም። የአባቴ ትንፋሽ ሲቆራረጥ "አባዬ" ልል አፌን ከፈትኩ፤ መልሼም በገዛ መዳፌ ያዝኩት።